«ጊቭ አፕ» ስትሉ የትኛውን ማለታችሁ ነው?



አምቦም ሆነ ጊንጪ፣ ጉደርም ሆነ ባኮ፣ ከወጣቶች አፍ የማይጠፋ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል አለ፤ «ጊቭ አፕ»። «ትምህርቱን ጊቭ አፕ አድርጌያለሁ»፣ «እሷን ጊቭ አፕ በላት»፣ «ጊቭ አፕ እንዳታደርግ ወንድሜ»። ቃሉን የማያውቀው የለም። እንግሊዝኛ አልችልም የሚለው ልጅ ራሱ እንግሊዝኛ አለመቻሉን የሚነግራችሁ «እንግሊዝኛን ጊቭ አፕ ብያለሁ» ብሎ ነው።

ታዲያ «በአማርኛ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ «ተስፋ መቁረጥ» ይላችኋል። ሌላው «እጅ መስጠት» ይላል። ሦስተኛው «መተው፣ ማቆም» ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ግን ሦስቱ አንድ ነገር አይደሉም። ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ስለዚህ ነው። ነገሩ የሰዋስው ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልሻማም ነበር። የዚህ አገር ታሪክም አለበት፣ የልጆቻችን ጉዳይም አለበት።

መጀመሪያ ቃሉ እንዴት እዚህ ደረሰ?

ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ የሚሰማው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ግን እንግሊዞች አብረው ገብተው ስለነበር መጽሐፉም፣ መምህሩም፣ ፈተናውም እንግሊዝኛ ሆነ። አምቦ ላይ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ ተጀመረ። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ ሰላም ጓዶች መጡና በየክፍለ ሀገሩ እየተበተኑ አስተማሩ። የዚያ ዘመን ተማሪዎች «ፒስ ኮር» የሚሏቸው እነሱን ነው። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል ጀመረ። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ደግሞ በእኛ አካባቢ እስከ ስምንተኛ ክፍል አፋን ኦሮሞ፣ ከዘጠነኛ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሆነ። ከዚያ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማው መጣ። የዚያ ዘመን ተማሪዎቼ አትረሱትም፤ ከሳተላይት የሚናገረው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ክፍሉ ውስጥ እጁን ያነሳ ልጅ መኖሩን በምን ያውቃል!

በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ነገር አልተለወጠም። ፍሬዛል ቨርብ የምንማረው በዝርዝር ነው። በግራ ቃሉ፣ በቀኝ ትርጉሙ። «ጊቭ አፕ» እኩል ይሆናል «ስቶፕ»። «ሉክ አፍተር» እኩል ይሆናል «ቴክ ኬር ኦፍ»። በቃ፣ ሸምድድ። ዝርዝሩ ለፈተና ይጠቅማል፣ አልክድም። ለሕይወት ግን አይበቃም።

ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ «ጊቭ መስጠት ነው፤ አፕ ወደ ላይ ነው። ታዲያ ወደ ላይ መስጠት እንዴት ተስፋ መቁረጥ ይሆናል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ እዚህ ያለችው «አፕ» አቅጣጫ አታሳይም፣ ፍጻሜን ነው የምታሳየው። እንግሊዞች «ኢት አፕ» ሲሉ ወደ ላይ ብላ ማለታቸው አይደለም፤ ጥርግ አድርገህ ብላ ነው። «ድሪንክ አፕ» ጭልጥ አድርገህ ጠጣ ነው። «ዩዝ አፕ» አሟጦ መጨረስ ነው። ስለዚህ «ጊቭ አፕ» ከሥሩ ሲታይ ጨርሶ መስጠት፣ ለራስ ምንም ሳያስቀሩ ማስረከብ ነው። በእንግሊዝኛ ታሪክም ቀድሞ የመጣው ትርጉም ይኸው ማስረከብ ነው፤ ምሽግን፣ ከተማን፣ ቁልፍን ለባላጋራ ማስረከብ። ሙከራን ማቆም የሚለው ትርጉም ቆይቶ ነው የመጣው።

ይህ ዓይነቱ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም አለን። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ፣ ቀና አለ፣ ጎንበስ አለ። «ቁጭ አለ» ስንል ሰውየው «ቁጭ» የሚል ቃል ተናግሯል ማለታችን ነው እንዴ? አይደለም። «አለ» የራሱን ትርጉም ትቶ ከፊቱ ካለችው ቃል ጋር አንድ አዲስ ግስ ሠራ። በአፋን ኦሮሞም እንዲሁ ነው፤ «ጨል ጄዼ» ዝም አለ ነው፣ «ኦል ጄዼ» ከፍ አለ ነው፣ እዚያም «ጄዼ» በቁሙ «አለ» ነው። ቻርልስ ፈርግሰን የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር በ1976 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በዘር ቢለያዩም የሚጋሯቸውን ጠባያት ሲዘረዝር ይህን «አለ»ን አጣምሮ ግስ መሥራት አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ቤተሰባቸው ሌላ ሌላ ነው፤ አንዱ ሴማዊ፣ አንዱ ኩሻዊ። አብረው ስለኖሩ ተመሳሰሉ።

ለዚህም ነው የአምቦ ልጅ «ጊቭ አፕ»ን ሲቀበል ማንም ሳያስተምረው «አደረገ» እና «አለ» የቀጠለበት። «ጊቭ አፕ አደረገ»፣ «ጊቭ አፕ አለ»። ልክ «ብድግ አደረገ»፣ «ብድግ አለ» እንደምንለው። ፒካፑን፣ ሜካፑን፣ ቼክ አፑንም እንዲሁ ወስደን የራሳችን አድርገናል። በቋንቋ መበደር ነውር የለበትም። ነገር ግን የተበደርነውን ከመጠቀማችን በፊት ቤት ያለውን እንይ።

ቤት ያለው ሦስት ነው አልኩ። አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው እጅ መስጠት ነው።

እንግሊዝኛው «ሰጠ» ይላል፣ አማርኛው «እጅ ሰጠ» ይላል፣ አፋን ኦሮሞውም «ሀርካ ኬኔ» ይላል፤ እሱም ቃል በቃል እጅ ሰጠ ነው። ሦስቱም ቋንቋ መሸነፍን በ«መስጠት» መግለጹ ይገርመኛል። በዚህ አካባቢ ግን እጅ መስጠት ከመዝገበ ቃላት በፊት በደም የተማርነው ቃል ነው።

ሆለታን እናስብ። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተባት። ልጆቹ ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ጦርነቱ ደረሰ። አዲስ አበባ በሚያዝያ 1928 ስትያዝ ከእነዚህ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች የተወሰኑት ወደ ምዕራብ ሄደው ነቀምት ላይ ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር ካቋቋሙት መካከል ሆኑ። በሰኔ 1928 ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡትን መኮንኖች ገደሉ። በኋላ ከራስ እምሩ ጋር ተቀላቀሉ። በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ። ስንቅም ጥይትም አልነበረም። እጅ ሰጡ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች እጃቸውን ሰጡ እንጂ ተስፋቸውን አልቆረጡም። ሁለት ወር አልፎ የካቲት 12 መጣ። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ፣ እጃቸውን ከሰጡት የጥቁር አንበሳ ሰዎች ብዙዎቹ ተገደሉ። ራስ እምሩ ደግሞ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ታሪክ የራሱ ቀልድ አለው፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ እሱም ከተወሰደባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ፖንዛ ነበር። ራስ እምሩ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የእሱን መጨረሻ ታውቁታላችሁ።

ከሆለታ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ቀጥሉ። ጊንጪ ትደርሳላችሁ፤ ደንዲ ነው። ጃገማ ኬሎ የተወለዱት እዚያ ነው። ጣሊያን ሲገባ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ዛሬ ያ ዕድሜ ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ነው። ጫካ ገቡ፣ አምስቱን ዓመት ተዋጉ፣ «የበጋው መብረቅ» ተባሉ፤ እጅ አልሰጡም። በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት ደርሰው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመታቸው አረፉ። እኚህ ሰው እጅም ያልሰጡ፣ ተስፋም ያልቆረጡ ናቸው።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። በ1962 ዓ.ም. የባሌው አመፅ መሪ ዋቆ ጉቱ ለመንግሥት ሲገቡ በማግባባቱ ስማቸው ከሚነሳው ሰዎች አንዱ እኚሁ ጄኔራል ጃገማ ናቸው። እጅ ሳይሰጥ የኖረ ሰው ሌላውን እጅ እንዲሰጥ ያግባባል። ዋቆ ጉቱስ? እጃቸውን ሰጡ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ በደርግ ዘመን ተመልሰው ትግል ገቡ። የዋቆን ውሳኔ በየትኛው «ጊቭ አፕ» ትተረጉሙታላችሁ? እንግሊዝኛው አንድ ቃል ሰጥቶ ዝም ይላል። የእኛዎቹ ግን ለይተው ያስቀምጣሉ፤ እጅ የሚሰጠው ለጉልበት ነው፣ ሲመለስ ይመለሳል። ተስፋ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ተስፋ መቁረጥ ነው።

እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ጋር እንለያያለን። እነሱ ይሰጣሉ፣ እኛ እንቆርጣለን። አፋን ኦሮሞም ከእኛ ጋር ነው፤ «አብዲ ኩታቴ» ይላል፣ ተስፋውን ቆረጠ። የተሰጠ ነገር ተቀባይ አለው፤ ይመለስልኝ ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። የተቆረጠ ግን ተቀባይ የለውም። ለዚህ ነው በአማርኛ ተስፋ መቁረጥ ከእጅ መስጠት የከበደው።

አሁን ለእንግሊዝኛ ተማሪዎቼ አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። «ጊቭ ሂም አፕ» እና «ጊቭ አፕ ኦን ሂም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እንደ አገባቡ ሰውየውን አሳልፎ መስጠት ወይም ከእሱ መለየት ነው። «ዘይ ጌቭ ሂም አፕ ቱ ዘ ፖሊስ» ካላችሁ ለፖሊስ አሳልፈው ሰጡት ነው። «ሂ ጌቭ ሂምሰልፍ አፕ» ካላችሁ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ ነው። «ዘይ ጌቭ አፕ ኦን ሂም» ስትሉ ግን ተስፋ ቆረጡበት ማለት ነው፤ አይሆንም፣ አይድንም፣ አይለወጥም አሉ። ልዩነቱን ያመጣችው ትንሿ «ኦን» ናት። በአማርኛ ደግሞ የእሷን ሥራ የምትሠራው በግሱ ጫፍ ላይ ያለችው «በት» ናት። ተስፋ ቆረጠ ስንል ሰውየው በራሱ ነው። ተስፋ ቆረጠበት ስንል በሌላ ሰው ላይ ነው። ይቺን «በት» አትርሷት፣ እመለስባታለሁ።

ሦስተኛው መተው ነው።

ይህ ሽንፈትም ተስፋ ማጣትም ላይሆን ይችላል። ሲጋራ ማቆም «ጊቭ አፕ ስሞኪንግ» ነው። (ፈተና ላይ «ጊቭ አፕ ቱ ስሞክ» ብትጽፉ ነጥብ ትቀነሳላችሁ፤ ከ«አፕ» በኋላ ግሱ «ኢንግ» ይፈልጋል። ተውላጠ ስም ከሆነ ደግሞ መሃል ይገባል፤ «ጊቭ ኢት አፕ» እንጂ «ጊቭ አፕ ኢት» አይባልም።) ሲጋራ የተወን ሰው ተሸነፈ አንለውም፤ እንዲያውም አሸነፈ ነው የምንለው።

መቀመጫ መልቀቅም በእንግሊዝኛ «ጊቭ አፕ» ነው። ሽማግሌ ሲገቡ ብድግ ብለን «ኖር!» እንላለን፤ እሳቸው «በእግዜር» ይላሉ። ያ መልቀቅ ክብር ነው፣ ማንም አያፍርበትም። ግን ያው ቃል በሌላ ቦታ ሌላ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ መንገደኛ ወንበሯን ልቀቂ ተባለች፤ አልለቅም አለች። ታሰረች። የከተማዋ ጥቁሮች ከአንድ ዓመት በላይ አውቶቡስ ሳይሳፈሩ በእግራቸው ሄዱ። ወንበሩ ያው ወንበር ነው፤ ግሱም ያው ነው። ወደው ሲለቁት አክብሮት ነው፤ ተገድደው ሲለቁት ውርደት ነው። መተው የሚመዘነው ማን ወሰነው በሚለው ነው።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚያምታታት አንዲት ጎረቤት አለች፤ «ጊቭ ኢን»። «ጊቭ ኢን» ለግፊት መሸነፍ ነው። ልጅ ሱቅ በር ላይ አልቅሶ አልቅሶ እናቱ በመጨረሻ «እሺ በቃ፣ እንካ» ስትል፣ ያ «ጊቭ ኢን» ነው። ተስፋ አልቆረጠችም፣ ተረታች እንጂ። ቸርችል በጥቅምት 1941 እ.ኤ.አ. በልጅነቱ በተማረበት በሃሮው ትምህርት ቤት ባደረገው ንግግር ሰዎች «ኔቨር ጊቭ አፕ» አለ ይሉታል። ያለው ግን «ጊቭ ኢን»ን ነው። ለጉልበት አትርቱ ነው ነገሩ። የመተዉን በር አልዘጋም። ፖስተር ላይ የምትለጥፉ ወዳጆቼ አስተካክሉት።

የትርጉም ነገር ከተነሳ ከአምቦ ጎን ቦዳ የተወለደውን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሳላነሳ አላልፍም። አፋን ኦሮሞ ተናግሮ ያደገ ሰው ነው፤ ሼክስፒርን ወደ አማርኛ አመጣው፤ ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝን። ሼክስፒር በአማርኛ መድረክ ላይ የቆመው ቃል ለቃል ስለተገለበጠ አይደለም። ጸጋዬ «ይህ ሰው እዚህ ጋ ምን ሆኗል?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው። «ጊቭ አፕ አድርጌያለሁ» የሚለው ልጅ ምን ሆኗል?

ወደ ልጆቻችን ልምጣ።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ከሃምሳ በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015ቱ ፈተና 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ስድስቱ፣ ዘጠና ሰባቱ ወደቁ ማለት ነው። ያንን ውጤት ይዞ ቤቱ የገባ ልጅ «ጊቭ አፕ አድርጌያለሁ» ቢል አይገርምም። እኛ ግን ቃሉን ሰምተን «አይዞህ፣ ጊቭ አፕ አታድርግ» ብለን ከማለፋችን በፊት እንጠይቀው፤ የትኛውን?

«ተውኩት» ማለቱ ከሆነ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ አስቦ አስቦ ብየዳ ሊማር፣ ሱቅ ሊከፍት፣ ከአባቱ ጋር ድንችና ጤፍ ሊያመርት ወስኖ ከሆነ፣ ያ ውሳኔ ነው። ይከበር። ምክር አይብዛበት። ወስኖ የተወ ሰው የተሸነፈ ሰው አይደለም።

«እጅ ሰጠሁ» ማለቱ ከሆነ፣ ጉልበቱ አልቋል እንጂ ፍላጎቱ አለ። ጎጀብ ላይ እንደነበሩት ስንቅ ነው ያነሰው። ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው ስብከት ሳይሆን ስንቅ ነው፤ መጽሐፍ፣ የሚያስጠና ሰው፣ የሬሜዲያል ዕድል ካለ ስለሱ የሚነግረው፣ በግል ዳግም ለመፈተን የሚያስመዘግበው፣ የመመዝገቢያውን ብር የሚሸፍንለት። ዋቆ ጉቱ ከዓመታት በኋላ እንደተነሱ እሱም ይነሳል።

«ተስፋ ቆረጥኩ» ማለቱ ከሆነ ግን ቁም ነገር ነው። ይህን ልጅ ብቻውን አትተዉት። ስለ ትምህርት አይደለም የሚያወራችሁ። ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ዛሬ፣ ነገ ሳትሉ።

ከሦስቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያቺ «በት» ናት። ልጁ በራሱ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ብዙ ጊዜ እኛ ተስፋ ቆርጠንበታል። «የዘንድሮ ልጅ አይማርም»፣ «ይሄ ትውልድ አልቋል»፣ «ከስልኩ ሌላ ምን ያውቃል» እያልን በየቡናው፣ በየታክሲው እናወራለን፤ ልጁ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሰዋስዉ ይህን ይለያል፤ እኛ ግን አንለየውም። አባት፣ እናት፣ መምህር፣ ጎረቤት የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ያቺን «በት» ከአፋችሁ አንሱልኝ። እኔም ስናገር ከአፌ ብትወጣ ተቆጡኝ።

የቤት ሥራ ሳልሰጥ ካሰናበትኳችሁ የድሮ ተማሪዎቼ «ቲቸር ታመመ እንዴ?» ትላላችሁ። ስለዚህ፦ «ጊቭ አፕ»ን በሦስቱ ትርጉሞች ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩበት፤ አንዱ ስለ አካባቢያችሁ ታሪክ ይሁን። በጌዶ፣ በኢንጭኒ፣ በጄልዱ፣ በአዲስ ዓለም ያላችሁ ደግሞ፣ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን የእጅ መስጠትና ያለመስጠት ታሪክ ካለ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ፣ አርማለሁም።

መልካም ምሽት። ቸር ያሰማን።